ምርቃታችንን ድምፅ ያደረገው ተወዳዳሪ

ኑማ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ፤ ሰኔ ገብቶ ብርዱ አጥንት ይበላል። እንዲህ ዝናቡ ሲጀምር ነበር ለምርጫ የሚወዳደር አንድ ሰውዬ እዚሁ ላፍቶ፣ የእድራችን ስብሰባ ድረስ የመጣው። ንግግሩ ሲረዝምብኝ ተነሣሁና፣ «ልጄ፣ የድልድዩን ነገር እስኪ ንገረን፤ ወንዙ ሲሞላ ልጆቻችን ተማሪ ቤት መሻገር አቃታቸው» አልኩት። ፈገግ ብሎ፣ «እማማ፣ እሱ የፖሊሲ ጉዳይ ነው፤ ለእናንተ ይከብዳል። እናንተ ምልክታችንን ጃንጥላዋን ብቻ አትርሱ» አይለኝ መሰላችሁ! ጎረቤቴ በላይነሽ ጎሸም አድርጋኝ፣ «ጃንጥላ እንኳ እንደምናውቅ አምኖልናል፤ ተመስገን በይ!» ስትለኝ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

ሲጨርስ «በሉ እናቶቼ፣ መርቁኝ» አለ። እንግዳ ምርቃት ጠይቆ ይከለከላል እንዴ? «እደግ ተመንደግ፣ በሰላም ግባ» ብለን እልልታውን አቀለጥነው። እሱ ድምፃችንን የሰጠነው መስሎት እየሳቀ ሄደ። የምርጫው ቀን ግን እናቶች ሁሉ ጃንጥላዋን አይተን አለፍናት።

ሰውዬው ወደቀ። ያሸነፈችው ወንዙ ድረስ አብራን ወርዳ ያየች ሌላ ተወዳዳሪ ናት፤ ድልድዩም ተሠርቶ ልጆቹ ይሻገሩበታል። እሱ ለቡ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ ያከብራል አሉ። እኔና በላይነሽም ይኸው ደህና ነን።