ሞላው እንዲያርፍ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከነቀምቴ ወደ ኡኬ በሚኒባስ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ የሰማሁትን ግን ልጻፈው። ወጣቱ በገበያ ቀን ሰው ቆርኪ እየመታ የሚጫወትበትን፣ በባትሪ የሚሠራ የፕላስቲክ ጠመንጃ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ታቅፏል። ሴትዮዋም ነቀምቴ ውስጥ ያንኑ ታጫውታለች።

«አዴ፣ ጥይቷ ቆርኪው ጋ ሳትደርስ ትወድቃለች። ሰው እየሳቀ ይሄዳል። እንጀራዬ ሊዘጋ ነው። ጠንካራውን ሞላ ልግዛ?»

«ተው፣ ያ ጉርባ፣ ተው ልጄ። ጠንካራው ሞላ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል። የምትጥለው ቆርኪ ነው ወይስ ጎሽ?»

«ታዲያ ይሄኛው ለምን ደከመ? አዲስ እኮ ነው።»

«ማታ ሥራ ስትዘጋ በባዶው ተኩሰህ ሞላውን ታላቅቀዋለህ?»

«አልተኩስም። ሲመሽ ድምፅ ከተሰማ ጎረቤት ይደነግጣል። ባለፈው አንዷ ልጆቿን አልጋ ስር አስገብታለች።»

«ስለዚህ ሞላው ተጨምቆ ያድራል። ለዚህ ነዋ የደከመው።»

«ምን ይሻለኛል?»

«መካከለኛውን ግዛ። ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ገበያተኛው ሳይበተን፣ ‹ባዶ ናት፣ የመጨረሻ ናት› ብለህ ጩህና ተኩስ። የኔ ጎረቤቶች እሷን ሰምተው ነው ሱቃቸውን የሚዘጉት።»

«አይደነግጡም?»

«መጀመሪያ ደንግጠው ነበር። አሁን ካዘገየሁ ይቆጡኛል።»

ኡኬ ስንደርስ ጉልበቴ ላይ ጣቴን ቃታ እንደሚስብ ሰው እጥፍ ዘርጋ ሳደርግ ወጣቱ አይቶኝ ኖሮ እንዲህ አለኝ፤ «እህቴ፣ ነገ ባዶዋን አንቺ ተኩሺያት።»