ወይኑ ለቅሶ አይጠብቅም

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ የጦሩ መኮንኖች፣ ወይዘሮ ወለተሐና፣ ፀሐዩን ችላችሁ የቆማችሁ የነገሌ ሰዎች፤ ብዙ አላቆማችሁም።

ከገብረወልድ ጋር በጦሩ ግምጃ ቤት ዕድሜዬን ስሠራ አንቱ ብዬው አላውቅም። ዛሬም አልጀምርም። መጀመሪያ ግን ለቅሶ ቤት የሰማሁትን ልናገር። «የባሏ ሬሳ ሳይወጣ ጓዳ ገብታ አረቄ ታንቆረቁራለች» ተብሏል። እውነት ነው፤ ወይዘሮ ወለተሐና ገብተዋል። ለምን ገቡ ብሎ የጠየቀ ግን አለ?

ጣሊያን ወጥቶ ከጦሩ ጋር እዚህ ስንመጣ ገብረወልድ ስለ ወይን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በኬንያ በኩል የመጣ አንድ ፖርቱጋላዊ መካኒክ መኪና ይጠግንልን ነበር። እሱ ነው የአገሩን የወይን ሐረግ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ የሰጠው። ቱሪጋ ይባላል፤ ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም። ገብረወልድ ጓሮው ተከለው። እኛ ሳቅን። ጎረቤቱ አባ ዳዳቻ «ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ብለውት ገቡና ተክሉን ዞረው አዩት።

«ይሄ ለፍየል ነው ለሰው?»

«ለሰው ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው ከፍየል ጠብቀው» ብለውት ሄዱ።

መካኒኩ አሠራሩንም አሳየው። ወይኑ እየፈላ፣ ጣፋጩ ሳያልቅ፣ ሁለቴ የተጣራ ዳግም አረቄ ይጨመርበታል። ያኔ መፍላቱን ያቆማል፣ ጣፋጩ ይቀራል፣ የኛን ሙቀት ይችላል። ሰዓቱ ካለፈ አለፈ ነው። ሰዓቱን ማን ያውቃል? ገብረወልድ ጆሮውን ጋኑ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፣ ይቀምሳል፣ ያውቃል።

የመጀመሪያው ወይን ሲፈላ አንድ ባልደረባችን ሞተ። ገብረወልድ ለቅሶ ተቀመጠ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ሥልስት እስኪወጣ አልተነሳም። ቤቱ ሲመለስ ጣፋጩ አልቋል። ውሎ አድሮ ሆምጣጤ ሆነ፤ መኮንኖቹ ሰላጣ በሉበት። ያን ጊዜ ሚስቱን እኔ ፊት እንዲህ አላቸው፦ «ወለተሐና፣ የሞትኩት እኔም ብሆን፣ ተነሺና አረቄውን ጨምሪበት።»

«አታሟርት» አሉት እሳቸው።

ትናንት ገብረወልድ ሞተ። የዘንድሮው ወይን ጋን ውስጥ እየፈላ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ወይዘሮ ወለተሐና ከሬሳው አጠገብ ተነሱ። እናንተ ስታለቅሱ እሳቸውም እያለቀሱ ጋኑን አዳመጡ፣ ቀመሱ፣ አረቄውን ጨመሩ። ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ። ይሄ ነው ነውር የተባለው? የባላቸውን ቃል ፈጸሙ። ከኛ መሀል ሰው ምን ይለኛል ሳይል ይህን የሚያደርግ ማነው? እኔ አላደርገውም ነበር።

ገብረወልድ፣ አዝኛለሁ። አንተን ተሸክመን ከመውጣታችን በፊት ጓዳ ገባሁ። ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጠፍኩ፤ ጸጥ ብሏል። ወይን እንደማልወድ ታውቃለህ። ቀመስኩት።

ጣፋጭ ነው። በሰላም ሂድ።