ኩዋካዎቹ ማረፊያ ሲያጡ

አዛውንቱ ፓራታ የላሞቻቸውን መሄጃ ለማልበስ ከባሕሩ ዳር ዛጎል በትራክተር ሲጭኑ ንጋይሬን አገኟት። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ስለ ወፍና ስለ ረግረግ ኦክላንድ ከተማ ተምራ ተመልሳለች። የባሕሩን ሙላት ትጠብቅ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ አጎቴ? ዘንድሮም ዛጎል?»

«ክረምት መጣ እኮ። ላሞቼ ጭቃ ውስጥ ሲዘፈቁ ሰኮናቸው ይቆስላል። አባቴም ከዚሁ ነበር የሚያወጣው። አንቺ ግን ወፍ ስታዪ ባል አመለጠሽ!»

«ባል የትም አይሄድም። የሚሄዱት እነዚህ ናቸው።»

ኩዋካ የሚባሉት ወፎች ረጅም መንቁራቸውን ጭቃው ውስጥ እየሰካኩ ትል ይለቅማሉ። በዚህ ወር ወደ ሰሜን ይበራሉ፤ ውቅያኖሱን ቀንና ሌሊት ሳያርፉ ነው የሚሻገሩት።

«ይብሉ እንጂ! ማን ከለከላቸው?»

«ባሕሩ ሲሞላ ጭቃው ይሸፈናል። ያኔ ደረቅ ቦታ ቆመው ካላረፉ፣ ለመንገድ ያጠራቀሙት ስብ በከንቱ ያልቃል። የሚያርፉት ደግሞ እርስዎ የሚጭኑት ዛጎል ላይ ነው።»

«ባሕሩ ራሱ መልሶ ይከምረዋል።»

«ድሮ ነዋ! ምድር እየሞቀች ባሕሩ ከፍ ብሏል። አሁን ከሚከምረው የሚወስደው ይበልጣል። ወፎቹ ወደ ኋላ እንዳይሸሹ ደግሞ ባሕሩን የሚያግደው የእርስዎ ክትር አለ። ከክትሩ ጀርባ ያለው ሜዳ ድሮ ረግረግ አልነበረም?»

«አባቴ ገድቦ ያደረቀው መሬት ነው! ለወፍ ልስጠው?»

«ጨው ገብቶበታል፣ አጎቴ። ሣሩን ላም እንኳ አይነካውም።»

ፓራታ ይህን ያውቃሉ። አባት የደከመበትን መሬት ሞተ ብሎ መናገር ግን ይከብዳል። በየዓመቱ ክትሩን ከፍ የሚያደርጉትም ይህን ላለማለት ነበር።

ባሕሩ ሞላ። ኩዋካዎቹ ተነሥተው ወደ ዛጎሉ መጡ፤ የተቆፈረውን ቦታ ውሃ ውጦታል። ወደ ሜዳው ዞሩ፤ ላም ያልነካው ሣር ቁመታቸውን ይበልጣል፤ አውሬ ቢደበቅበት አያዩምና ፈርተው ተመለሱ። ከውሃው በላይ ይዞሩ ጀመር። አንዳንዶቹ ዝቅ ብለው እግራቸውን ይዘረጉና መልሰው ይነሣሉ።

ፓራታ ትራክተሩን አጠፉ። ልጅ ሳሉ የእነዚህ ወፎች መንጋ ሲነሣ ፀሐይ ይጋርድ ነበር።

«እስከ መቼ ነው የሚዞሩት?»

«ባሕሩ እስኪሸሽ።»

«ነገስ?»

«ነገም እንዲሁ።»

ሽማግሌው ከትራክተሩ ወረዱ። «በይ እስቲ፣ ምን ይሻላል?»

«የክትሩን የውሃ መዝጊያ ከፍተን ባሕሩ ይግባ፤ ሣሩም ይታጨድ። ረግረጉ ሲመለስ የማዕበሉን ጉልበት ይሰብርልዎታል፤ ከላይ በኩል ትንሽ ክትር ይበቃዎታል። ላሞቹ ደረቁ ላይ ይሰማራሉ። መሄጃቸውን ከኮረብታው በምናወጣው ድንጋይ እናለብሰዋለን።»

«ወፎቹስ እንደ ድሮው ይበዛሉ?»

ንጋይሬ መዋሸት አልፈለገችም። «አይመስለኝም። በሌላውም አገር ዳርቻው እየተደፈነባቸው ነው። የቀሩት ግን በርትተው ይሄዳሉ።»

መዝጊያው ዝጎ ስለነበር ሁለቱም ተጋግዘው ከፈቱት። ጨዋማው ውሃ በፓራታ አባት ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ፓራታ በማግስቱ ውሃው ሲሸሽ ሣሩን ማጨድ ጀመሩ። ሥራው ግማሽ ሳይደርስ ኩዋካዎቹ እንደከሱ ተነሥተው ሄዱ። ፓራታ ቀና ብለው እስኪጠፉ ድረስ አዩዋቸውና፣ ለሚመለሱት እንዲደርስ ማጨዳቸውን ቀጠሉ።