የውሻ ሻኛ እና የተቀደደው ገጽ

ጋሼ ጎንፋ፣ እባክዎ አይነሱ። ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ ላይ እኔ እቆማለሁ፣ እርስዎ ይቀመጣሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተገላቢጦሹ ነበር።

በ1997 ከያዮ ተዛውረው መቱ፣ የእንስሳት ክሊኒካችን ሲደርሱ በአንድ እጅዎ የክትባት በረዶ ሣጥን፣ በሌላው ገመድ ይዘው ነበር። በገመዱ ጫፍ ቡሬ የምትባል ዝንጉርጉር ውሻ አለች። እኔ ደግሞ ገና የክሊኒኩ ኃላፊ ሆኜ መሾሜ ነው። «ውሻዋም የዝውውር ደብዳቤ አላት?» ብዬ አፈጠጥኩብዎ።

«ዶክተር፣ የተዛወረችው እሷ ነች። እኔ ልሸኛት ነው የመጣሁት» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ተጣላን። ቡሬን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ቁመቷን ለኩና «ከመሬት እስከ ሻኛዋ» ብለው ጻፉ።

«ውሻ ሻኛ የለውም!» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ ይሄን ከትከሻዋ በላይ ከፍ ያለውን ምን ልበለው?»

ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ የፈረንጁን ስም ብቻ ነበር። በራሴ ቋንቋ አንድ ቃል አልነበረኝም፤ ስለዚህ ይበልጥ ተናደድኩ።

እርስዎ ግን ኑረዲን ሥጋ ቤት ሄዱ። የተሰቀለውን በሬ እየጠቆሙ «ይሄስ? ይሄስ?» ሲሉ ወርች፣ ፍርምባ፣ ሽንጥ እያለ ነገረዎት። ኦሮምኛውን ከገበሬው፣ አማርኛውን ከባለ ሥጋው ሰበሰቡ። በሳምንቱ ኑረዲን እየሮጠ መጣ። አለ እዚህ፣ ይመስክር። «ጋሼ ጎንፋ፣ በአላህ! ይሄን ሁሉ የሚጠይቁኝ ለውሻ መሆኑን ደንበኞቼ እንዳይሰሙ!»

በክሊኒኩ ሜዳ ያዘጋጁትን የውሾች ውድድርስ ማን ይረሳል? ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ የራሷን ውሻ በሻምፑ አጥባ፣ ሪባን አስራ መጣች። እርስዎ ውሾቹን ሁሉ ሜዳውን በሶምሶማ አስዞሩና የገበሬውን የዋቁማን አቧራማ ውሻ አንደኛ አሉ።

«እንዴ! የኔዋ እኮ ታጥባለች!»

«ታጥባለች እትዬ። ግን የኋላ እግሯ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ላም ወደ ውስጥ ይጋጠማል። እሱ በሳሙና አይለቅም።»

ሳቁ። አሁን የሚያስቀውን ጨርሻለሁ።

በክትባት መዝገባችን «ምልክት» የሚል ቦታ አለ። ሌላው ሰው «ቀይ ውሻ» ብሎ ያልፋል። እርስዎ ግን ጆሮዋ እስከ የት እንደታጠፈ፣ ጅራቷ በየትኛው ጎን እንደተጠቀለለ፣ ጥርሷ እንዴት እንደሚገጥም ይጽፉ ነበር። በ2001 አንድ ቀን አንድ ሙሉ ገጽ እንዲህ ሞልተው አየሁና «ይሄ መዝገብ ነው ወይስ የሰርግ ግጥም?» ብዬ ገጹን ቀደድኩት። መሳቢያዬ ውስጥ ወረወርኩት።

ወር ሳይሞላ ሶር ወንዝ አካባቢ ገለኔ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ተነከሰች። ሰፈሩ ሦስት ቀይ ውሾች ይዞ ዱላ አንሥቷል። እርስዎ ልጅቷን ጠየቁ። «ግራ ጆሮዋ ታጥፏል፤ ጅራቷ በቀኝ ዞሯል» አለች። ውሻዋን ወዲያው ለዩዋት፤ የዚያው ሰፈር የዲሪቤ ውሻ ነች፣ ተከትባለች አሉ። አሥር ቀን አስረን ጠበቅናት፤ ጤነኛ ነበረች። ልጅቷም መርፌዋን ወስዳ ዳነች፤ ሌሎቹ ሁለት ውሾችም ከዱላ ተረፉ።

የበላይ ቢሮ ግን «ተከትባለች ካላችሁ መዝገቡ ላይ ለምን የለችም?» አለ። እርስዎ አጠገቤ ቆመው «እኔ ነኝ፣ ሳልመዘግብ ዘለልኳት» አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማኅደርዎ ውስጥ ገባ። እኔ ዝም አልኩ። በጉልበተኛ አለቃ ላይ ስጮህ የኖርኩ ሰው፣ በዚያ ቀን ዝም አልኩ። እርስዎም አንድም ቀን አላነሱብኝም።

የዲሪቤ ውሻ የተመዘገበችበትን ገጽ የቀደድኩት እኔ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ስሙኝ፤ ጋሼ ጎንፋ አንዲት ውሻ ዘልለው አያውቁም። ይህንኑ ጽፌ ፈርሜ ለቢሮው ልኬያለሁ። መልሱ አልመጣም፤ እኔ ግን ከመልሱ በፊት ከአፌ እንዲሰሙት ፈለግሁ።

ገጹ ይኸው። ባለፈው ሳምንት ነው ከመሳቢያው አውጥቼ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ቡሬ። የጎንፋ። ሻኛዋ ከወገቧ ከፍ ያለ፣ ፍርምባዋ ጥልቅ፣ ሽንጧ አጭር። ስትሮጥ ጀርባዋ አይናወጥም። ስጠራት ጥቂት ታስጠብቀኛለች።»

ቡሬ ከሞተች አሥር ዓመት አለፋት። እኔ ግን ይህን ሳነብ በግቢው በር ስትገባ አየኋት።

አሁን በታብሌት ነው የምንሞላው። «ዝርያ፦ የአካባቢ። ቀለም፦ ቡናማ።» የመቱ ውሻ ሁሉ አንድ ውሻ ሆነ! ከሰኞ ጀምሮ በመስኮቱ በኩል ውሻ ሲያልፍ ብዕሩን አስቀምጦ የሚነሣ ሰው የለም። ወንበርዎን እንዳያነሡት ነግሬያለሁ።

ጠጅ የያዛችሁ ጠጁን፣ ብርዝ የያዛችሁ ብርዙን አንሡ። ለጋሼ ጎንፋ ጤና፣ ለልጆችዎ ደስታ፣ ለጓሮዎ ቡሬን የምትመስል ቡችላ! ገለቶማ፣ እናመሰግናለን ጋሼ።

እኔም ሰኞ እንደ ልማዴ «ይቺን ምን ብለን እንጻፋት?» ብዬ መጣራቴ አይቀርም። ቤትዎ ቅርብ ነው። ካልሰሙኝ እጮሃለሁ።