የሲፈን ሁለተኛ አልበም

በእኛ ጊዜ ዘፋኝ ፈራ ከተባለ መድረክ ፈርቶ ነው። እኔ ግን ዘፋኝም ሳልሆን፣ በስተርጅና፣ ማይክ ፈራሁ፤ ስሙኝማ። ልጄን ሲፈንን ታውቋታላችሁ፣ ሶል የሚሉትን ትዘፍናለች፣ ከሆድ የሚወጣውን። የመጀመሪያ አልበሟ ከሰበታ አልፎ ቡራዩ ሱሉልታ በየታክሲው ተሰማ። ታዲያ ሁለተኛውን ጀምራ ሳለ አንገቷ ላይ እንቅርት ወጣባት እና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ዶክተሯ ምን አለች? «ወደ ውስጥ እያደገ የአየር ቧንቧሽን ተጭኖታል፣ ቶሎ መውጣት አለበት። ግን የድምፅ ነርቭ አጠገቡ ነው፤ ድምፅሽ አይነካም ብዬ ቃል አልገባም።»

ልጄ ምን ብትል ጥሩ ነው? «መጀመሪያ አልበሜን ልጨርስ!»

እና በየቀኑ ፉሪ ስቱዲዮ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ያወራኛል፣ እኔ የማዳምጠው ትንፋሿን ነው፤ ሲር... ሲር... ይላል። ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ታዲያ ዘጠኙን ዘፈነች። አስረኛው ላይ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ስትደርስ፣ ድምፁ ቁርጥ። በመስታወቱ አየኋት፤ አፏ ተከፍቷል፣ አየር አይገባም፣ ከንፈሯ ጠቆረ። በሩን በርግጄ ገባሁ። አቀናባሪው «ኦቦ ደበላ፣ ቀስ ይበሉ!» ይላል፤ ምን ቀስ አለ! ደግፌ አስቀመጥኳት፣ ትንፋሿ መለስ ሲል ምን አለችኝ?

«አባዬ ውጣልኝ፣ አንዴ ልድገመው። በኋላ ድምፅ ባይኖረኝስ?»

«እኔስ ልጅ ባይኖረኝስ?» አልኳት። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ሰጠችኝ።

ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ ዶክተሯ «እስቲ ስምሽን ንገሪኝ» አለቻት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሹክሹክታ ብቻ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ያው ሹክሹክታ። ያስቆምኳት እኔ ነኝ፣ አያችሁ? በገዛ ቤቴ የልጄን ፊት ማየት ፈራሁ። ታዲያ አንድ ጠዋት ጓሮ ጎመን ስኮተኩት ከኋላዬ «አባ!» የሚል ወፍራም ድምፅ፤ ጎረቤት መስሎኝ ብዞር ሲፈን ናት። ራሷም ደንግጣ ደገመችው፤ «አባ!» እና ሁለታችንም አለቀስን።

የድሮው ድምፅ አይደለም፣ ወፍሯል፣ ሻክሯል። አስረኛውን በዚሁ ዘፈነችው፤ እኔ ግን ስቱዲዮው አልገባሁም፣ ግቢው በር ላይ ጆሮዬን ደፍኜ ቆሜ ነበር፣ እስክትወጣ ድረስ።

«ውይ ኦቦ ደበላ!» አለች ይህን ወሬዬን ከሚሰሙት አንዷ፣ «አስረኛው ላይ ሌላ ዘፋኝ የጋበዘች መስሎኝ ነበር እኮ!»

ሃሃሃ! አልተሳሳትሽም ልጄ፤ እኔም አባቷ ገና እየተዋወቅኳት ነው።