ዝምተኛውና ተጫዋቹ

የሰሞኑን ኀፍረቴን ላውራችሁ። ማመልከቻ ፕሪንት ላስደርግ ፍላሼን ይዤ 18 ማዞሪያ፣ ሐጂ ሸምሱ ኢንተርኔት ካፌ ጎራ አልኩ። በጉርምስናችን እኔና ጓደኛዬ ተክሌ የሠራንበት ቤት ነው። ያኔ ኮምፒውተሮቹን ቫይረስ ሲፈጃቸው፣ በነፃ በሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልንቀይራቸው ተነሳን። እኔ ዴቢያን የሚባለውን አልኩ፣ እሱ ኡቡንቱ የሚባለውን አለ። በዚህ ተኮራርፈን ሦስት ቀን ስንዘጋጋ፣ ሐጂ አስቀመጡንና ለልጁ ባል እንደሚመርጥ አባት፣ "እስቲ ጠባያቸውን ንገሩኝ" አሉ።

"ኡቡንቱ ተጫዋች ነው ሐጂ" አለ ተክሌ፤ "ከማንም ጋር ወዲያው ይግባባል።"

"በየስድስት ወሩ ካልተለወጥኩ ይላል እንጂ!" ብዬ ጣልቃ ገባሁ። "ዴቢያን ዝምተኛ ነው። እስኪለመድ ያስቸግራል፤ ከለመዱት ግን አይከዳም።"

ሐጂ ሳቁ። "የነገራችሁኝ የየራሳችሁን ጠባይ ነው" ብለው ኮምፒውተሮቹን እኩል አካፈሉን። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!

ታዲያ ሰሞኑን ፍላሼን ይዤ ስገባ ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሲሠራ አየሁ። የኔው ዴቢያን! ልቤ በደስታ ዘለለች።

"አላልኩዎትም ሐጂ? አይከዳም!"

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "እሱስ አልከዳኝም" አሉ። "ተጫዋቹ ተክሌም ሐዋሳ ሆኖ በየኢዱ ይደውልልኛል። አንተ ግን እዚሁ ሳንሱሲ ተቀምጠህ፣ ዛሬ ፕሪንት ባያስፈልግህ ትመጣ ነበር?"

ፍላሹን ቀስ ብዬ ወደ ኪሴ መለስኩት።