የኪሩቤል አምስት መቶ ኪሎ ሜትር

(አዳማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሰርጉ ድንኳን ጀርባ፤ ሙሽሪትን ያሳደገቻት አክስት ወይዘሮ ሙሉሸዋ፣ ከአዲስ አበባ አጀቡን እየመራ የመጣውን ሚዜ ኪሩቤልን የኤሌክትሪክ መኪናውን ገመድ በወጥ ቤቱ መስኮት አሳልፎ ሲሰካ ደርሳበታለች።)

ሙሉሸዋ፦ ንቀለው ብያለሁ!

ኪሩቤል፦ እትዬ፣ ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ።

ሙሉሸዋ፦ ቆጣሪውን ጥለኸዋል እኮ! ሙዚቃው ጸጥ፣ ፍሪጁ ጸጥ። እንግዳው «ሙሽሪት እምቢ አለች» ብሎ መንሾካሾክ ጀምሯል።

ኪሩቤል፦ ቆጣሪያችሁ ደካማ ሆኖ ነው። የእኔ መኪና የለመደችው ፈጣን ቻርጅ ነው። በሃያ አምስት ደቂቃ ጢም ትላለች።

ሙሉሸዋ፦ የት? በወጥ ቤት ሶኬት?

ኪሩቤል፦ በቻርጅ ጣቢያ ነዋ።

ሙሉሸዋ፦ ታዲያ ጣቢያ አትወስዳትም?

ኪሩቤል፦ ሄጄ ነበር። ወረፋው አስፋልት ድረስ ወጥቷል፤ እስከ ማታም አይደርሰኝ።

ሙሉሸዋ፦ እሰይ! ሃያ አምስት ደቂቃ ለመሙላት ግማሽ ቀን መሰለፍ። ፈጣን የምትሉት ይሄን ነው?

ኪሩቤል፦ ያ የመኪናዋ ጥፋት አይደለም።

ሙሉሸዋ፦ የእኔ ትንሿ መኪና ማታ ትሰካና ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለች ስትጠጣ ታድራለች። ጠዋት ሙሉ ናት። የማንንም ሰርግ አታጨልምም።

ኪሩቤል፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና እትዬ፣ ያቺን ከእኔዋ ጋር አያወዳድሩ። ያቺ የሱቅ ዕቃ ማመላለሻ ናት። የእኔ አንዴ ከተሞላች አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ወንበሯ እንኳ ጀርባ ያሻል!

ሙሉሸዋ፦ አምስት መቶ! ታዲያ አዳማ ላይ ምን ነካት? ጀርባ ስታሽ አለቀባት?

ኪሩቤል፦ ጠዋት ስነሳ ግማሽ ነበረች። ትበቃኛለች ብዬ ነው።

ሙሉሸዋ፦ ሙሽራ ልታመጣ በግማሽ ባትሪ ተነሳህ?

ኪሩቤል፦ ሲነዷት ብዙ አትበላም እኮ! አንዳንዱ ቦታ ላይማ እየሄደች ትጨምር ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሙሉሸዋ፦ ቁልቁለት ነዋ የኔ ጌታ! ቁልቁል ሲወርድ ድንጋይም አይበላም። ስትመለስ እስከ ቃሊቲ ድረስ ሽቅብ ነው። እኔ በየሳምንቱ ጨርቅ ጭኜ እመላለስበታለሁ። ላንተ ሜዳ ይመስልሃል፤ ባትሪው ግን ያውቀዋል።

ኪሩቤል፦ አሁንም ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይቀረኛል ትላለች።

ሙሉሸዋ፦ እሷም ትላለች፣ አንተም ትላለህ። የቀረው የት እንደገባ ልንገርህ? እዚያ አደባባይ ላይ ነው የፈሰሰው። ሙሽራው በጣሪያ ብቅ ብሎ እጁን ሲያውለበልብ፣ ጣሪያው ተከፍቶ ኤሲው እየነፋ፣ ስትዞሩ፣ ደግሞ ስትዞሩ አየኋችሁ። አዳማን በሙሉ ልታቀዘቅዛት ነበር?

ኪሩቤል፦ ሰርግ ነው እኮ! አደባባይ የማይዞር አጀብ የት ያውቃሉ? ደግሞ ካሜራማኑ ነው ድገሙት ያለን።

ሙሉሸዋ፦ እንግዲያው ካሜራማኑ ይግፋችሁ።

ኪሩቤል፦ አይቀልዱብኝ እትዬ። የአዲስ አበባው አዳራሽ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የሙሽራው አባት በር ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁን።

ሙሉሸዋ፦ ከአጀቡ መኪና በአንዱ አሳፍራቸዋ።

ኪሩቤል፦ ሁሉም የኤሌክትሪክ መኪና ማኅበራችን ናቸው። አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ጥቁር። አብረን ስንዞር ነው የዋልነው። አንዳንዱማ ከእኔም ብሷል።

ሙሉሸዋ፦ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ጥቁር! ማክሰኞ ዕለት በስልክ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?

ኪሩቤል፦ እትዬ፣ እሱን አሁን...

ሙሉሸዋ፦ «የእርስዎ መኪና ቢጫ ናት፣ ቪዲዮ ታበላሻለች። አጀቡ ውስጥ አይግቡ፤ ከኋላ ተነጥለው ይምጡ» አልከኝ። እናቷ ስትሞት ጀርባዬ ላይ ያዘልኳት ልጅ ናት። በዚያችው የጨርቅ ንግድ ነው አስተምሬ ለዚህ ያበቃኋት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለእሷ እንኳ አልነገርኳትም፣ ሰርጓ እንዳይደፈርስ ብዬ።

ኪሩቤል፦ ይሄን ይሄን አላወቅኩም ነበር። ካሜራማኑ ነው...

ሙሉሸዋ፦ አሁንም ካሜራማኑ!

ኪሩቤል፦ እሺ፣ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።... እትዬ ሙሉሸዋ?

ሙሉሸዋ፦ አቤት።

ኪሩቤል፦ ያቺ መኪናዎ ምን ያህል ይዛለች?

ሙሉሸዋ፦ የትኛዋ? ያቺ የሱቅ ዕቃ ማመላለሻ?

ኪሩቤል፦ አዎ... እሷ።

ሙሉሸዋ፦ ጢም ብላለች። እንኳን አደባባይ ልትዞር ከግቢም አልወጣች። አትግቢ ተብላለቻ!

ኪሩቤል፦ አዲስ አበባ ትደርሳለች?

ሙሉሸዋ፦ ስንት ጣቃ ጨርቅ ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣ መኪና ሁለት ሙሽሮች ያቅቷታል?

ኪሩቤል፦ እንግዲያው ይውሰዱልን። እግርዎ ላይ ልውደቅ። አበባውን ከእኔዋ ፈትቼ በእጄ አስርልዎታለሁ። ከፊት ይምሩ፣ አጀቡም የእርስዎ ይሁን።

ሙሉሸዋ፦ እሱንስ ማንም አይከለክለኝም። ሙሽሮቹ ከኋላ ይቀመጣሉ።

ኪሩቤል፦ እኔ ከፊት፣ ከጎንዎ። ሚዜ ከሙሽራው አይለይማ።

ሙሉሸዋ፦ ከጎኔ የልጄ ሻንጣ አለ።

ኪሩቤል፦ ሻንጣውን እኔ ላምጣዋ።

ሙሉሸዋ፦ በየትኛው ባትሪህ? ልብሷን ሞጆ ላይ ልታሳድርብኝ?

ኪሩቤል፦ ታዲያ እኔ ምን ልሁን እትዬ?

ሙሉሸዋ፦ ገመድህን ጠቅልል፣ ቆጣሪውን መልስ፣ ሂድና ወረፋህን ያዝ። ሲሞላልህ ከኋላ ተነጥለህ ትመጣለህ። አዳራሹ ጋ ስትደርስ ግን መኪናህን ራቅ አድርገህ አቁማት፤ ቪዲዮ ታበላሻለች።